የሼፊልድ ምላጭ፤ የብረቱ፣ የእጀታውና የእድሳቱ ታሪክ

፩፤ መግቢያ

«ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ምሳሌው የሚነገረው ለሌላ ጕዳይ መሆኑ ባይካድም፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ ቃሉን እንዳለ ወስደን ለመመርመር አስበናል። ምላጭ ራሱ ሲታመም፣ ማለት ሲዝግ፣ ሲዶለዱም፣ እጀታው ሲሰነጠቅ በምን ይታከማል? ያከመውስ ሰው ከዕቃው ታሪክ ምን ያህሉን ያድናል? ምን ያህሉንስ ሳያውቅ ያጠፋል?

እዚህ ላይ ምላጭ የምንለው በየሱቁ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ስስ ምላጭ አይደለም። እንደ ሰንጢ በእጀታው ውስጥ የሚታጠፈውን፣ አውሮፓውያን ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ጢማቸውን የተላጩበትን ረጅሙን ምላጭ ነው። ይህ ምላጭ ጥቂት ክፍሎች ብቻ አሉት። ከብረቱ ወገን ስለቱ፣ ወፍራሙ ጀርባውና ጣት የሚያርፍበት ጭራው ይገኛሉ። ከእጀታው ወገን ደግሞ ሁለት ስስ ገጾች በሁለት ወይም በሦስት ቀጫጭን ችንካሮች ተያይዘው፣ በግርጌያቸው በመካከላቸው አንድ ትንሽ ሽብልቅ ገብቶ እናያለን። ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ትንሽ ዕቃ ላይ የብረት ሥራ ታሪክ፣ የንግድ ታሪክና የሠራተኞች ኑሮ ታሪክ ተጽፎበት ይገኛል።

ለምርመራችን የእንግሊዝ አገርን የሼፊልድን ከተማ መርጠናል። ምክንያቱም አሁን በአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢዎች እጅ ከሚገኙት ምላጮች ብዙዎቹ የዚያ ከተማ ሥራ በመሆናቸውና የከተማው የብረት ሥራ ታሪክ በሚገባ የተጻፈ በመሆኑ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኘው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆኑን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፪፤ የዐረብ ብረቱ ነገር

ሼፊልድ የስለት ከተማ ልትሆን የቻለችው በአቀማመጧ ምክንያት ነው። ከኮረብታ የሚወርዱት ወንዞቿ የውሃ መንኰራኵር ያዞሩላታል፤ አካባቢዋ ለሞረድ የሚሆን የአሸዋ ድንጋይና የድንጋይ ከሰል አለው። የቢላዋ ሠሪዎቹ ማኅበር በእንግሊዝ ፓርላማ ሕግ የተቋቋመው በ1624 ነው። ነገር ግን ለመልካም ስለት የሚሆነው ብረት ከስዊድን አገር በመርከብ ይመጣ ነበር።

ያን ጊዜ ዐረብ ብረት የሚሠራው እንዲህ ነበር። የስዊድኑን ንጹሕ ብረት ከከሰል ዱቄት ጋር በተዘጋ ሣጥን ውስጥ ደርድረው ለብዙ ቀን በእሳት ያቆዩታል፤ በዚህ ጊዜ ካርቦን ከከሰሉ ወጥቶ ወደ ብረቱ ይሰርጋል። ሆኖም ካርቦኑ በገጹ በዝቶ በመካከሉ ስለሚያንስ፣ ብረቱ አንድ ወጥ አይሆንም። ለማረሻ ወይም ለመጥረቢያ ይህ ጕድለት ብዙም አይጎዳ ይሆናል። ለምላጭ ግን ስለቱ እጅግ ስስ ስለ ሆነ፣ አንዱ ቦታ ጠንክሮ ሌላው ከለዘበ ፊትን ይልጣል እንጂ ጢምን አይላጭም።

ይህን ችግር ያቃለለው ብረት ቀጥቃጭ ሳይሆን ሰዓት ሠሪ ነበር። ቤንጃሚን ሃንትስማን (1704–1776) በዶንካስተር ከተማ ሰዓት እየሠራ ሲኖር፣ ለሰዓት የሚሆን እንከን የሌለው የብረት ጥቅል ስላጣ ራሱ ሊሠራ ተነሣ። በ1740ዎቹ ዓመታት በሼፊልድ አጠገብ ሆኖ ዐረብ ብረቱን በሸክላ ድስት ውስጥ ጨምሮ፣ በኮክ እሳት ወደ 1600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚጠጋ ሙቀት ፈጽሞ አቀለጠው። የቀለጠ ነገር ስለሚዋሐድ ካርቦኑ በብረቱ ሁሉ እኩል ተዳረሰ። በብዙ ምላጮች ጭራ ላይ «ካስት ስቲል» የሚል ጽሑፍ ተቀርጾ የሚገኘው፣ ይህ የቀለጠ ዐረብ ብረት ነው ሲሉ ሠሪዎቹ የሚመሰክሩበት ቃል ነው።

የሚያስደንቀው ግን፣ የሼፊልድ ቢላዋ ሠሪዎች በመጀመሪያ ይህን ብረት «እጅግ ጠንካራ ነው፣ ለመቀጥቀጥ ያስቸግራል» ብለው አለመቀበላቸው ነው። ሃንትስማንም ብረቱን ወደ ፈረንሳይ አገር መሸጥ ጀመረ። በዚያ ብረት የተሠራው የፈረንሳይ ስለት መጥቶ በገበያ ሲወዳደራቸው ነው የሼፊልድ ሰዎች ልባቸውን የመለሱት። አዲስ ነገር በተወለደበት ቦታ ሳይሆን በሌላ አገር ሲከበር የሚታይበት ታሪክ ይህ ብቻ አይደለም።

በፈረንሳይ አገር ደግሞ የፓሪሱ ቢላዋ ሠሪ ዣን ዣክ ፔሬ ሰው ራሱን በራሱ እንዴት እንደሚላጭ የሚያስተምር መጽሐፍ በ1769 አሳተመ። ከዚያ በፊት መላጨት የጠጕር አስተካካዩ ሥራ ነበርና፣ መጽሐፉ ምላጭ ከባለሙያው እጅ ወጥቶ ወደየቤቱ መግባት መጀመሩን ያሳያል።

ከዚህ በኋላ ሳይንስ ራሱ ወደ ምላጩ ተጠጋ። ኋላ በኤሌክትሪክ ምርምሩ ስሙ የገነነው ማይክል ፋራዴይ፣ ከቢላዋ ሠሪው ከጄምስ ስቶዳርት ጋር ሆኖ ከ1818 ጀምሮ ዐረብ ብረትን ከልዩ ልዩ ማዕድን ጋር እያዋሐደ ይመረምር ነበር። ብር ከዐረብ ብረት ጋር የሚዋሐደው ከ500 እጅ አንድ እጅ ያህል ብቻ መሆኑን አገኙ። ይህም ከታወቀ ወዲህ «ሲልቨር ስቲል» የሚል ጽሑፍ በምላጮች ላይ በዛ። እንግዲህ ሰብሳቢ ሁሉ ሊያውቀው የሚገባው፣ ጽሑፉ የነጋዴ ቃል እንጂ የብሩ መጠን ምስክር አለመሆኑን ነው።

፫፤ የሞራጆቹ ዕድሜ

ስለ ብረቱ ስንናገር ስለ ሰዎቹ ዝም ብንል ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። ምላጭ ከተቀጠቀጠና ከጠነከረ በኋላ በሚሽከረከር ትልቅ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ይሞረዳል። ሞራጁ በድንጋዩ ላይ ጎንበስ ብሎ ሲሠራ ይውላል፤ ከድንጋዩና ከብረቱ የሚወጣው ድቃቂ አቧራ በአፍንጫውና በአፉ ይገባል። ሥራው በደረቅ ድንጋይ ሲሆን አቧራው ይበዛል፤ በረጠበ ድንጋይ ሲሆን ይቀንሳል። የምላጭ ሞራጆች በሁለቱም ይሠሩ ነበር።

የሼፊልዱ ሐኪም ዶክተር ናይት ስለ ሞራጆች የሳንባ በሽታ የጻፈውን ፍሪድሪኽ ኤንግልስ በ1845 ባሳተመው መጽሐፍ ጠቅሶታል። በዚያ መሠረት በደረቅ ድንጋይ የሚሠሩት ሰዎች አማካይ ዕድሜ 35 ዓመት እንኳ በጭንቅ ይሞላ ነበር፤ በረጠበ ድንጋይ የሚሠሩትም ከ45 ዓመት የሚያልፉት ጥቂቶች ነበሩ። አቧራውን የሚስብ መሣሪያ ሲሠራላቸውም አንዳንዶቹ ሞራጆች ራሳቸው ተቃወሙት፤ እንዲያውም የሰበሩት ነበሩ። ይህን ያደረጉት ሥራው ለጤና ከተስማማ ሠራተኛ ይበዛና ደመወዛችን ይወርዳል ብለው ስለ ፈሩ መሆኑን ኤንግልስ ይነግረናል። ሰው ዕድሜውን ከደመወዙ ጋር ሲመዝን ደመወዙ የከበደበት ኑሮ ምን ዓይነት ኑሮ እንደ ነበር ከዚህ ይታወቃል።

ከአሸዋው ድንጋይ የሚወጣው ሲሊካ ሳንባን እንደሚያጠፋ አሁን በሚገባ ይታወቃል። በ1890ዎቹ በአሜሪካ በኤድዋርድ አቺሰን የተገኘው ካርቦረንደምና ሌሎችም ሰው ሠራሽ ሞረዶች የአሸዋውን ድንጋይ እየተኩ በመሄዳቸውና የአየር ማውጫ በመስፋፋቱ አደጋው እየቀነሰ መጣ። ሆኖም ከዚያ በፊት የተሠራን ምላጭ በእጃችን ስንይዝ፣ በጎኑ ላይ የሚታዩት ቀጫጭን መስመሮች የእነዚያ ሰዎች እጅ ጽሑፍ መሆናቸውን ልናስብ ይገባል። ወደዚህ ጕዳይ በመጨረሻ እንመለሳለን።

፬፤ የእጀታው ታሪክ

እጀታው ከብረቱ ይልቅ ቶሎ ያረጃል፤ ስለዚህም ዘመኑን በቀላሉ ይናገራል። በብዛት የተሠራበት ቀንድ ነው። ቀንድ በሙቀት ይለዝባል፤ ይህንንም ያገራችን ዋንጫ ሠሪዎች ያውቁታል። የሼፊልድ ሠራተኞችም ቀንዱን በሙቀት አለዝበው በብረት መካከል ይጫኑት ነበርና፣ አንዳንዱ እጀታ አበባ ወይም ሌላ ሥዕል ታትሞበት ይገኛል። ባለጠጎች የዝሆን ጥርስ ወይም የባሕር ኤሊ ቅርፊት ያለበትን ይመርጡ ነበር። ጆሴፍ ሮጀርስና ልጆቹ የተባለው የሼፊልድ ቤት ባከማቸው የዝሆን ጥርስ ብዛት የታወቀ ነበር። የዝሆን ጥርስ ከቡና፣ ከወርቅና ከዝባድ ጋር ከኢትዮጵያም ወደ ውጭ ይላክ የነበረ ሸቀጥ ስለ ሆነ፣ በዓለም ላይ የነበረው የዚህ ዕቃ ንግድ ለእኛ ባዕድ ታሪክ አይደለም።

ከዚያ የዝሆን ጥርስን የሚመስል ሰው ሠራሽ ነገር መጣ። አሌክሳንደር ፓርክስ በ1862 በለንደን ያሳየውን፣ አሜሪካዊው ጆን ዌስሊ ሃያት በ1870 አሻሽሎ ሴሉሎይድ የተባለውን አወጣ። ይህ ከናይትሪክ አሲድ ጋር ከተዋሐደ ጥጥና ከካምፎር የተሠራ ስለ ሆነ፣ ርካሽና ለዓይን የሚያምር ቢሆንም ሁለት ጠንቅ አለው። አንደኛው በቀላሉ እሳት የሚይዝ መሆኑ ነው፤ ሁለተኛው እያረጀ ሲሄድ አሲድ ያለበት ጋዝ ማውጣቱ ነው። ይህ ጋዝ በእጀታው ውስጥ የተኛውን ምላጭ ይበላዋል። ስለዚህ በሣጥን ተዘግቶ የኖረ፣ ማንም ያልተጠቀመበት ምላጭ በእጀታው ልክ ዝጎ ቢገኝ፣ ጥፋቱ የእርጥበት ሳይሆን የእጀታው ሊሆን ይችላል።

ዘመን ለማወቅ የሚረዱ ሌሎች ምልክቶችም አሉ። የንጉሥ ስም ምልክት አንዱ ነው፤ የጊዮርጊስ ምልክት ያለበት የጥንት ምላጭ ከ1830 በፊት፣ የዊልያም ከ1830 እስከ 1837፣ የቪክቶሪያ ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። የአገር ስም ሌላው ምልክት ነው። በጀርመን አገር የምትገኘው የዞሊንገን ከተማ ጎኑ እጅግ የጎደጎደ፣ ስስና ቀላል ምላጭ በመሥራት ሼፊልድን ስትወዳደር፣ የሼፊልድ ሰዎች በባዕድ ዕቃ ላይ የከተማችን ስም ይጻፋል ብለው ጮኹ። በ1887 የወጣው የእንግሊዝ የንግድ ምልክት ሕግ ከዚህ አቤቱታ ጋር የተያያዘ ነው። በ1890 የወጣው የአሜሪካ የቀረጥ ሕግም ወደዚያ አገር የሚገባ ዕቃ የተሠራበት አገር ስም እንዲጻፍበት ስላስገደደ፣ «ኢንግላንድ» ወይም «ጀርመኒ» የሚል ቃል ያለበት ምላጭ በአብዛኛው ከዚያ ወዲህ የተሠራ ነው ለማለት ይቻላል። ዞሊንገንም በበኩሏ በ1938 ስሟን የሚጠብቅ ሕግ አገኘች።

የዚህን ሁሉ ዘመን የዘጋው ኪንግ ካምፕ ጂሌት ነው። በ1903 የሸጠው መላጫ 51፣ ምላጩም 168 ብቻ ነበር። በማግሥቱ ዓመት በ1904 ግን መላጫው ከ90 ሺሕ በላይ ተሸጠ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን መላጫ አዘዘ። ከጦርነቱ የተመለሰው ወታደር የለመደውን ይዞ ወደ ቤቱ ገባ፤ ያባቱ ምላጭም በመሳቢያ ውስጥ ቀረ። አሁን ሰዎች የሚያድሱት ያን በመሳቢያ የቀረውን ነው።

፭፤ የእድሳቱ አሠራር

የመጀመሪያው ሥራ መመርመር ነው። ስለቱን በብርሃን ፊት አድርጎ በማጕያ መስተዋት ማየት ያስፈልጋል። በገጹ ያለ ዝገት ይነሣል፤ ጥቂት ሽርፍራፊም በድንጋይ ይጠፋል። ስለቱ ላይ የደረሰ ስንጥቅ ግን መድኀኒት የለውም። እንዲህ ያለውን ምላጭ ለማየት ማስቀመጥ እንጂ ወደ ፊት ማስጠጋት አይገባም።

እጀታው መለወጥ ካለበት የችንካሩን ራስ በጥሩ ሞረድ አስተካክሎ፣ በቀጭን ብረት ገፍቶ ማውጣት ነው። ችንካሩን በጕጠት መንቀል እጀታውን ይሰነጥቃል። እጀታው ደኅና ከሆነ ግን ችንካሩን አለመንካት ይሻላል።

ብረቱን ለማጽዳት ዘይት ቀብቶ ማሳደር፣ ከዚያም በውሃ በሚሠራ የብርጭቆ ወረቀት ከሻካራው ወደ ልስላሴው፣ ከቍጥር 400 ወደ 600፣ ወደ 1000 እያሉ በቡሽ ላይ ጠቅልሎ ማሸት ይገባል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር አጥብቀን እንመክራለን። አንደኛ፣ በኤሌክትሪክ በሚሽከረከር ጨርቅ መወልወል አደገኛ ነው፤ ጨርቁ ስለቱን ይይዝና ምላጩን አሽቀንጥሮ ይወረውረዋል። ሁለተኛ፣ ብረቱ እጅን እስኪያቃጥል መሞቅ የለበትም። ምላጭ በእሳት ከጠነከረ በኋላ በመጠነኛ ሙቀት የተለዘበ ስለ ሆነ፣ ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ተጠግቶ ብረቱ ሰማያዊ መልክ ካመጣ ጥንካሬው ሄዷል፤ ከዚያ በኋላ ስለት አይዝም።

አዲስ እጀታ ለመሥራት አሮጌው እንደ ልክ ያገለግላል። የበሬ ቀንድ፣ አጥንት ወይም እንደ ዞጲ ያለ ጠንካራ እንጨት በ3 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ሁለት አድርጎ መሰንጠቅ፣ ሁለቱን ገጾች አጣብቆ በአንድነት መቍረጥና ቀዳዳውን በአንድነት በትራፓኖ መብሳት ነው። ሁለቱን ለየብቻ የበሳ ሰው ችንካሩ ጠሞ፣ ምላጩ ሲዘጋ ስለቱ አንዱን ጎን ሲበላ ያገኘዋል። የችንካሩ ውፍረት 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ነው። በግርጌው የሚገባው ሽብልቅ ትንሽ ቢሆንም የሥራው ሁሉ ቍልፍ ነው፤ ሁለቱን ገጾች ከፈት አድርጎ እንደ ቀስት ስለሚያጐብጣቸው፣ ምላጩን ያዝ የሚያደርገው ያ ውጥረት ነው። ሽብልቁ ከወፈረ ምላጩ ይላላል፤ ከሳሳ ስለቱ ይነካል። በብዙ አሮጌ ምላጮች ሽብልቁ እርሳስ ነው፤ እርሳስ መርዝ መሆኑን ማስታወስ ይገባል። በመጨረሻ የናሱን ችንካር ከትንሽ ሮንዴላ ጋር አግብቶ በትንሽ መዶሻ ቀስ እያሉ ራሱን ማብዛት ነው። እዚህ ላይ ኀይል አይጠቅምም፤ ብዙ ቀላል ምት ከአንድ ከባድ ምት ይበልጣል።

ስለቱን ማውጣት የመጨረሻው ነው። የምላጭ ጥበብ በጀርባው ውስጥ ይገኛል፤ ጀርባውና ስለቱ በአንድነት በድንጋዩ ላይ ተኝተው ስለሚሄዱ፣ የስለቱን ማዕዘን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው። ማዕዘኑም በአብዛኛው ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ይሆናል። ከቍጥር 1000 ድንጋይ ተነሥቶ እስከ 8000 ወይም ከዚያ በላይ መሄድ ይቻላል፤ ጥንታውያኑ ግን ከቤልጅግ አገር ከአርደን የሚወጣውን፣ ጋርኔት የተባለ ማዕድን ያለበትን ቢጫ ድንጋይ ይወዱ ነበር። ከድንጋዩ በኋላ በጠፍር ላይ ጀርባውን አስቀድሞ ማመላለስ ስለቱን ያቀናዋል።

በዚህ ሥራ ሁሉ አፍንጫን መሸፈን ያስፈልጋል። የቀንድ፣ የአጥንትና የብረት አቧራ ለሳንባ ጠንቅ ነው። የሼፊልድ ሞራጆች ምርጫ አልነበራቸውም፤ ለደስታው የሚሠራ ሰው ግን አላውቅም ሊል አይገባውም።

፮፤ ምን ይዳን? ምንስ ይለወጥ?

አሁን በመግቢያው ወዳነሣነው ጥያቄ ደርሰናል። በእድሳት ነገር ሁለት አሳብ አለ። አንዱ ወገን «ምላጭ ለመላጨት ተሠራ፤ ከላጨ ታደሰ» ይላል። ስለዚህ ብረቱን እንደ መስተዋት እስኪያበራ ያሸዋል፤ እጀታውንም ደስ ባለው ቀለም ይለውጣል። ሁለተኛው ወገን «ዕቃው ምስክር ነው፤ ምስክርን አይነኩም» ይላል፤ ዝገቱንም እንኳ ለማንሣት ይፈራል።

እኛ ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው እንላለን። ዝገት ብረትን መብላቱን አያቆምምና፣ ምስክሩን አልነካም ያለ ሰው ምስክሩ ሲሞት ቆሞ ያያል። የሚበሰብስ ሴሉሎይድ ደግሞ ከምላጩ ጋር ከተተወ ሁለቱም ይጠፋሉ። በሌላ በኩል መስተዋት እስኪሆን የታሸ ምላጭ ከላይ ያነሣናቸውን የሞራጁን መስመሮች አጥቷል። ያ ሰው ምናልባት አርባ ዓመት ሳይሞላው አልፏል፤ ስሙ በጭራው ላይ አልተቀረጸም፤ የተቀረጸው የጌታው ስም ነው። ከእርሱ የቀረልን ያ መስመር ብቻ ከሆነ፣ ለጌጥ ብሎ እርሱን መፋቅ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ የምናቀርበው ደንብ አጭር ነው። ከብረት የተፋቀ አይመለስም፤ እጀታ ግን ይመለሳል። በብረቱ ላይ ቍጥብ፣ በእጀታው ላይ ነጻ መሆን ይቻላል። ዝገቱ ይነሣ፤ የዝገቱ ጕድጓድ ግን ስለቱን ካልነካ ይቅር። በጭራው ላይ ያለው ጽሑፍ አይታሽ። አሮጌው እጀታ፣ ችንካሩና ሽብልቁ አይጣሉ፤ የተለወጠው ነገርና የተለወጠበት ዓመት በወረቀት ተጽፎ ከነሱ ጋር ይቀመጥ። ሴሉሎይዱ ግን ከብረቱ ርቆ ይቀመጥ። አዲሱም እጀታ አዲስ መሆኑን አይደብቅ።

በዝሆን ጥርስና በባሕር ኤሊ ቅርፊትም ላይ ክርክሩ በሕግ ተቈርጧል። ለመጥፋት የተቃረቡ አራዊትን ንግድ የሚቈጣጠረው ዓለም አቀፍ ስምምነት በ1975 ሥራ ላይ ውሏል፤ የአፍሪካ ዝሆን በ1989 ከሁሉ በላይ ጥብቅ በሆነው ክፍል እንዲገባ ተወሰነ። እንግሊዝም በ2018 ያወጣችው የዝሆን ጥርስ ሕግ በ2022 ሥራ ላይ ውሎ፣ አሮጌው ዕቃ እንኳ ከጥቂት በስተቀር እንዳይሸጥ ከልክሏል። የበሬ ቀንድ ግን አሁንም በየቄራው ይገኛል፤ ጥንትም የብዙው ሰው ምላጭ እጀታ እርሱ ነበር።

እንግዲህ ምላጭ ቢያብጥ የሚበጣው ምላጭ ሳይሆን፣ ምን እንደሚነካና ምን እንደሚተው ያወቀ እጅ ነው። ከዕቃ ይልቅ መጽሐፍ ማንበብ የለመድን ተማሪዎች፣ ታሪክ በብራና ብቻ እንዳልተጻፈ፣ በብረትና በቀንድም ላይ እንደሚነበብ ይህ ትንሽ ዕቃ አስተምሮናል። በየቤቱ ግርግዳና በየሣጥኑ ውስጥ ያሉትን ያገራችንን የስለትና የቀንድ ዕቃዎች በዚሁ ዓይን ለመመርመር የሚነሣ ጓደኛ ቢገኝ፣ ድካማችን ዋጋውን አግኝቷል እንላለን።